እመት አህያ ሸርተቴ የወረደች ዕለት

አንድ ጊዜ ንጉሥ አንበሳ፣ አራዊቱ ከመበላላት ትንሽ አርፈው ይጫወቱ ብሎ በወንዝ ዳር ትልቅ የመዝናኛ ስፍራ አሠራ። ዙሪያውን በእሾህ አሳጠረ፤ በዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ዥዋዥዌ አሰቀለ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሸርተቴው ነበር። ከገደሉ አናት ተነሥቶ እስከ ኩሬው ድረስ የሚወርድ፣ ስንት ክረምት ውሃ ሲፈስበት ኖሮ የለሰለሰ ድንጋይ ነው። ንጉሡ አንድ ሕግ ብቻ አወጣ፤ «ከዚህ አጥር ውስጥ ማንም ማንንም አይበላም።» የእንግዶች አስተናጋጅ አድርጎም እመት ቀበሮን ሾመ፤ አንደበቷ ጣፋጭ ነውና።

ወሬው ቆላ ደጋውን አዳርሶ እመት አህያ ዘንድ ደረሰ። እመት አህያ የኋላ ግራ እግሯ አይታጠፍም። ከዓመታት በፊት ጨው ተጭና ቁልቁለት ስትወርድ አዳልጧት ተሰበረ፤ እንደተጣመመም ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ባየች ቁጥር ዞራ በሌላ መንገድ ትሄዳለች። የሸርተቴውን ነገር ስትሰማ ግን አንድ ሐሳብ ያዛት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ቁልቁለት የወረድኩት ጭነት ከላዬ፣ ዱላ ከኋላዬ ሆኖ ነው። ለአንድ ቀን እንኳ ባዶ ጀርባዬን፣ ማንም ሳይጮህብኝ ብወርድስ?»

ይህን ብላ በማለዳ ተነሣችና እያነከሰች ሄደች።

በሩ ላይ እመት ቀበሮ እጅ ነሥታ ተቀበለቻት።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እመት አህያ! አካል ጉዳተኛ እንግዶቻችንን የምንቀበለው በልዩ አክብሮት ነው። በሩን ራሱ እንዲህ ሰፊ ያደረግነው እናንተን አስበን ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ወደ ሸርተቴው በየት በኩል ነው የሚወጣው?»

«በደረጃው ነዋ።»

እመት አህያ ቀና ብላ አየች። ደረጃው ከቋጥኝ የተጠረበ፣ ቀጥ ያለ፣ ፍየል እንኳ መሐል ላይ ቆማ የምትተነፍስበት ነበር።

«ይሄንንስ የሠራችሁት ማንን አስባችሁ ነው?»

«አይ፣ ቀልደኛ ነዎት!» ብላ ቀበሮ ሳቀች። «በደረጃው አይጨነቁ። ከጥላው ሥር ለእርስዎ የክብር ቦታ አዘጋጅተናል። ቁጭ ብለው ሌሎቹ ሲንሸራተቱ ያያሉ። እንደ እርስዎ ያሉ እንግዶች ሁሉ እጅግ ተደስተው ነው የሚሄዱት።»

«ሌላው ሲጫወት ማየትማ መንደሬም ሞልቶልኛል። እኔ የመጣሁት ልንሸራተት ነው። ካልተቻለ ንጉሡ ዘንድ ቀርቤ ዘንበል ያለ መንገድ ያሠሩልን ብዬ እለምናለሁ።»

«ንጉሡ» የሚለውን ስትሰማ የቀበሮ ፀጉር ቆመ። ለንጉሡ «ሁሉም ነገር ለሁሉም እንግዳ ተመቻችቷል» ብላ የነገረችው ገና ባለፈው ሳምንት ነበር።

«ኧረ ምን በወጣዎ! ለዚህ ለዚህማ ደጋፊ እንመድብልዎታለን» አለችና ወደ ጓሮ ዞራ ተጣራች፤ «አያ ጅቦ! እስቲ ና!»

አያ ጅቦ እየተንገዳገደ መጣ። እንግዳዋን ሲያይ ምራቁ እስከ ጉልበቱ ወረደ።

«እኔ? እሷን? ልደግፍ?»

ቀበሮ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። «ሕጉ የሚሠራው ከአጥሩ ውስጥ ነው። ከጓሮ በር ወዲያ ሕግ የለም። ቀስ ብለህ አታለህ አውጣት። አቤት የሚል እንግዳ አልፈልግም።»

እመት አህያ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። ያን የሚያህል ጆሮ ተሸክማ እንዴት አትሰማ! ደነገጠች። በመጣችበት በር ተመልሳ ብትሄድ የሚይዛት አልነበረም። ሆኖም በዚያች ሰዓት ከገደሉ አናት አንድ ጦጣ «እልልል!» እያለ ተንሸራትቶ ኩሬው ውስጥ ዘፍ ሲል አየች። ወደ ጅቡም ዞረችና፣

«እሺ፣ እንሂዳ አያ ጅቦ» አለች።

የአያ ጅቦ ድጋፍ ጉድ ነበር። ስትራመድ ሳትጠይቀው ከኋላ ይገፋታል፤ ልትተነፍስ ስትቆም ደግሞ ይጎትታታል። መንገድ ላይ ባገኘው ሁሉ ላይ «ዞር በሉ! ምስኪን ይዣለሁ!» እያለ ይጮኻል። ዥዋዥዌው ጋ ሲደርሱ ተራ አስከባሪው ዝንጀሮ እሷን አልፎ ጅብን ጠየቀ።

«ምን ትፈልጋለች?»

«በጓሮ በር መውጣት ትፈልጋለች» አለ ጅብ።

«ውሃ ትጠጣ ይሆን?»

«ይቅርባት። ሥጋዋ ውሃ ውሃ ይላል።»

እመት አህያ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጌታው፣ የተሰበረው እግሬ ነው። ጆሮዬ ደህና ነው፤ እንደሚያዩትም ትንሽ አይደለም። የምፈልገውን እኔኑ ይጠይቁኝ።»

ዝንጀሮ ወደ ጅብ ዞረና፣ «ትቆጣለች እንዴ?» አለው።

«ሕመሙ ነው፤ አትፍረድባት» አለ ጅብ።

ከደረጃው ሥር ደረሱ። አያ ጅቦ ሽቅብ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«በቃ፣ ሸርተቴ ማለት ይሄ ነው፤ አየሽው። አሁን በጓሮ በኩል ወጣ ብለን ነፋስ እንቀበል።»

«እሺ፣ እወጣለሁ።»

«ትወጫለሽ?»

«በገዛ እግሬ፣ ሳልጮህ፣ ሳልራገጥ እወጣለሁ። መጀመሪያ ግን ሸርተቴውን ልውረድ። ደጋፊዬ አይደለህ? አዝለህ አድርሰኝ።»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ደግሞ ያመዋል። የማይጮህና የማይራገጥ ምሳ በዘመኑ ገጥሞት አያውቅም። ጎንበስ አለና፣ «ነይ ታዘይ» አላት።

ከእሱ የምትከብደውን አህያ ወደ ኋላ በሚያዘቀዝቀው ወገቡ ላይ ጭኖ ደረጃውን ጀመረ። ለስላሳ ሆዷ ጀርባውን ሲነካው ምራቁ ይወርዳል፤ በወረደው ምራቅ ደግሞ ራሱን ያዳልጠዋል። አናቱ ላይ ሲደርስ ምላሱ መሬት ይጠርግ ነበር።

እመት አህያ ከሸርተቴው አፍ ላይ ቆመች። ቁልቁል ስታይ ያ የጨው ቀን ትዝ አላት። «ምን አስለፋኝ፣ ልመለስ ይሆን?» አለች በልቧ። ከዚያ ጀርባዋን በጅራቷ ዳሰሰችው። ምንም የለበትም። ቁጭ አለች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ራሷን ለቀቀች። ነፋሱ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አጠፋቸው፤ ልቧ ቀድሟት የወረደ መሰላት። ኩሬው ውስጥ ጠልቃ ብቅ ስትል እየሳቀች ነበር። አህያ ስትስቅ ደግሞ አገር ይሰማል።

ጅብ እየተንፏቀቀ በደረጃው ወረደ። «በይ እንግዲህ፣ ወደ ጓሮ።»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር እኮ! ምኑንም አላየሁት። ያላየሁትን ወረድኩ ልበል?»

አያ ጅቦ እንደገና አሰበ። እውነትም ያላዩት ነገር እንዴት ይቆጠራል? አዘላት። ቀጥሎ ደግሞ በጎኗ ስለወረደች አልተቆጠረም። ከዚያ ወዲያም ልክ ስትለቀቅ ዝንጀሮው አስነጥሶ ሐሳቧን ስለበተነው አልተቆጠረም። ጅብ በየጊዜው ትክክል መሆኗን እያመነ ያዝላታል።

በዚህ መሐል ንጉሥ አንበሳ ሊጎበኝ መጣ፤ እመት ቀበሮም ከኋላው ትከተላለች። ንጉሡ ደረጃው ላይ ያለውን አይቶ ቆመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ጅብ አህያ አዝሎ! በእኔ ዘመን ይሄን ልይ?»

«አሠራራችን ነው፣ ጌታዬ» አለች ቀበሮ ፈጥና።

ንጉሡ ወደ እንግዳዋ ዞረ። «እመት አህያ፣ መስተንግዶው እንዴት ነው?»

«ጌታዬ፣ አያ ጅቦ የሚሸከመኝ ከልቡ ነው። የልቡ ሐሳብ አፉ ላይ ይታያል፤ ይኸው ይንጠባጠባል። ግን ዘንበል ያለ መንገድ ቢኖር እሱም ባረፈ፣ እኔም ደጋፊ ባላስፈለገኝ።»

«ለምን አልተሠራም?» አለ ንጉሡ።

«እንጨት የለማ፣ ጌታዬ። በአገሩ እንጨት ጠፋ» አለች ቀበሮ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ መሐል ቆማ።

«ግድ የለም። እንዲህ ያለ ልብ እያለ እንጨት ምን ያደርጋል! ከዛሬ ጀምሮ ደረጃ ያቃተውን እንግዳ ሁሉ አያ ጅቦ ይሸከም» አለና ንጉሡ የጅብን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ጅብ በዚያው ተንበረከከ። ለምስጋና መስሏቸው ሁሉም አጨበጨቡ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ እመት አህያ ወደ ደጋፊዋ ቀረበች።

«አያ ጅቦ፣ ቃሌን አልረሳሁም። እንሂድ።»

ጅብ ሊነሣ ሞከረ። ወገቡ እምቢ አለ።

«ልደግፍህ?»

«ኧረ አትንኪኝ! ጥቂት ብቻ ጠብቂኝ።»

እመት አህያ እያነከሰች በጓሮ በር ወጣች። ከውጪ ቆማም «አያ ጅቦ! ወጥቻለሁ እኮ!» ብላ ተጣራች። ከውስጥ የተሰማው ማቃሰት ብቻ ነበር። እሷም መንገድ ዳር ያለውን ሣር እየነጨች ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግሥቱ በሩ ላይ ሰልፍ ሆነ። የንጉሡን ቃል የሰማ ሁሉ መጥቷል፤ እግሩን ወጥመድ የቆረጠው በሬ፣ ያረጀች ጎሽ፣ ከሁሉም ፊት ደግሞ ሪህ የያዘው ጉማሬ። ጉማሬው ጅብን ሲያይ ደስ ብሎት፣ «አያ ጅቦ፣ ቀስ አድርገህ ያዘኝ፤ ጉልበቴን ያመኛል» አለው።

አያ ጅቦ ወገቡን ይዞ ሮጠ። ያመራውም በቀጥታ ወደ እመት ቀበሮ ቤት ነበር።

«እንጨት አምጪ!»

«እንጨት የለም ብያለሁ!»

«ይሄስ ምንድነው?»

«ቤቴ ነው!»

«ከምን ተሠራ?»

ቀበሮ ሮጣ በሩ ላይ ተለጠፈች። ጅብ ምሰሶውን ነቀለ፤ ማገሩንና በሩን አከታተለ፤ አልጋዋንም አልተወም። ከዚያ በፊት ሥራ ሲሠራ ያየው አልነበረም። ያን ቀን ግን እየተነፈሰ፣ ሰልፉን እየገላመጠ፣ ከኩሬው ዳር እስከ ገደሉ አናት እየተጠማዘዘ የሚወጣ ዘንበል ያለ መንገድ ዘረጋ። «አይቻልም» ሲባል የኖረው ነገር ከምሳ በፊት አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ንጉሡ መርቆ ሊከፍተው መጣ። እመት ቀበሮ ኩሬው ዳር ካለው መድረክ ላይ ወጣች።

«ክቡራንና ክቡራት! ይህ መንገድ ገና ከጅምሩ በዕቅዳችን ውስጥ የነበረና፣ ለአካል ጉዳተኞች ካለን ፍቅር የተነሣ የግል ንብረታችንን ሳይቀር የሰዋንበት ነው። አሁን ስለዚህ ፍቅራችን የምትመሰክር እንግዳ እንጋብዛለን። እመት አህያ! እመት አህያ የት አሉ?»

ሁሉም ዞር ዞር ብለው ፈለጓት። እሷ ግን ወሬውን ሰምታ ተመልሳ በአዲሱ መንገድ ወጥታ ኖሮ፣ ከገደሉ አናት ላይ ጉማሬውን ከፊቷ አስቀምጣ፣ «ጌታው፣ ዓይንዎን አይጨፍኑ፤ አይቆጠርም» ስትለው ተሰማ። ከዚያ ሁለቱም ተለቀቁ። የኩሬው ውሃ ከነጭቃው ተነሥቶ መድረኩ ላይ አረፈ። ቀበሮ «ፍቅራችን» እንዳለች አፏ በጭቃ ሞላ፤ ንግግሩም በዚያው አበቃ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሌላው ሲሆን «አይቻልም» የምንለው ነገር ሸክሙ በገዛ ወገባችን ላይ ያረፈ ዕለት ወዲያው የሚቻል መሆኑን ነው።