አህያና የተኛው የአበባ ሥር

አንድ ጊዜ፣ በጋው ጠንቶ ወንዙ በቀጠነበት ዓመት፣ አንዲት አህያ ልጇን ቀበረች። ውርንጭላዋ የኖረችው ሁለት ክረምት ብቻ ነበር። በሁለቱም፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ፣ ኮረብታው ላይ ብቅ ወደሚለው ቀይ አበባ እየፈነጨች ትሄድና አፍንጫዋን በአበባው ብናኝ ቢጫ አድርጋ ትመለስ ነበር። እናት ይህን አስታውሳ ሽንኩርት የሚመስለውን የአበባውን ሥር በሰኮናዋ ቆፍራ አወጣችና መቃብሩ ላይ ተከለችው። ቅጠሉ ግን በሳምንቱ ደረቀ። «የቀረኝ እሱ ነበር፤ እሱም ሞተብኝ» ብላ አለቀሰች።

ቀበሮ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ቀበሮ ለቅሶ የምትደርሰው ለንፍሮው እንደሆነ አገር ያውቃል። ያን ቀን ግን ንፍሮ አልነበረም፤ እሷም በውሃ ጥም ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ወንዙ ደግሞ ሩቅ ነው።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እመት አህያ» አለች ዓይኗን እያሻሸች። «ሥሩ እኮ አልሞተም፤ ጠምቶት ነው። ጠዋት አንድ ቅል፣ ማታ አንድ ቅል ውሃ ብታጠጪው ይነሳል። አንቺ አረፍ ስትዪ እኔ ቅሉን እጠብቅልሻለሁ።»

በዚያ የሚያልፍ ጃርት ይህን ሰማ።

«ኧረ ተይ፣ እመት አህያ! እሱ ተኝቷል። በጋውን ደረቅ አፈር ውስጥ ካልተኛ አያብብም። ዝናብ ሲሸተው ራሱ ይነቃል፤ ጫፉ ብቅ ሲል ያን ጊዜ ጥቂት ታጠጪዋለሽ።»

«አንተ ሥር ቆርጣሚ! ትቼልህ እንድትበላው ነው?» አለች አህያ።

«መብላቴንማ አልክድም። ስለምበላው ነው የማውቀው።»

አልሰማችውም። አህያ ዕድሜ ልኳን ስትሸከም የኖረች ናት፤ ለምትወደው ዝም ብሎ መቀመጥ ክህደት መሰላት። ከዚያን ቀን ጀምራ ውሃ ተሸክማ ስትወጣ ስትወርድ ጀርባዋ ተላጠ። እሷ አረፍ ስትል ቀበሮ ግማሹን ትጠጣለች፤ ግማሹ መቃብሩ ላይ ይፈሳል።

«በርቺ፣ ዛሬ ነገ ሳይል ይነሳል!» ትላለች አፏን እየጠረገች።

ዝናቡ መጣ። ማንም ውሃ ያላጠጣው ኮረብታ ቀይ በቀይ ሆነ። መቃብሩ ላይ ግን አንዲት ጫፍ አልወጣችም። ቀበሮም ውሃው በየጉድጓዱ ስለሞላላት መምጣቷን ተወች። አህያ አፈሩን በቀስታ ጫረች። ሥሩ በስብሶ እንደ ገንፎ ሰኮናዋ ላይ ተለጠፈ።

ጃርት መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ስተክለው ሞቶ ነበር፣ አያ ጃርት?»

«አልሞተም ነበር፣ እመት አህያ። ተኝቶ ነበር።»

«እኔ ነኛ የገደልኩት?»

ጃርት መዋሸት አልሆነለትም። እሾሁን ወደ ኋላ አስተኝቶ እንዳይወጋት ተጠንቅቆ ተጠጋት።

«ያን ሁሉ ውሃ እኮ ለልጄ ብዬ ነበር የተሸከምኩት» አለች አህያ፤ ዝናቡ በተላጠ ጀርባዋ ላይ እየወረደ።

ከዚህ የምንማረው፣ የተኛውን ሞቷል ብሎ ያለጊዜው መጎትጎት እንደሚገድለውና የሚወዱትን በትዕግሥት መጠበቅም ከሸክም ሁሉ የከበደ ሥራ መሆኑን ነው።