አርባ ሁለት ቁጥር ከስክስ

በውርጭ አምባ አንድ ሰው በተመቸው ቀን ሆኖ ስለማያውቀው ቀን ሲፎክር፣ ወይም ሙሽራ በሠርጉ ማግስት ስለ ትዳር ሲያስተምር ከተሰማ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አጭር አባባል ጣል ያደርግና ጋቢውን ይሰበስባል። ሰሚው ይስቃል። አባባሉ ሲወለድ ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። ታሪኩን የሰማሁት ከአባቴ ነው፤ በጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት በከተማችን ጦር ሰፈር ግምጃ ቤት ዕቃ አቀባይ ነበር።

አባቴ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሳፋው ነው። በግምጃ ቤቱ በር ላይ አንድ ትልቅ የቆርቆሮ ሳፋ ይቀመጥ ነበር። ጫማ የሚታደለው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ምልምሎቹ መጀመሪያ ወንዝ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ፤ ከዚያ ተራ በተራ እግራቸውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረው ይቆያሉ፤ ጫማ የሚለኩት ከዚያ በኋላ ነው። ውኃውን የሚያፈሱላቸው የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ባሻ ላቀው ራሳቸው ነበሩ።

«ምነው ባሻ፣ ዛሬ ጸሎተ ሐሙስ ነው እንዴ?» ይላል ከመካከላቸው ቀልደኛው።

ባሻ አይስቁም፤ አይቆጡምም። «እግርህን ንከር» ይላሉ።

ከሳፋው በፊት የነበሩት ባሻ ላቀው ግን ሌላ ሰው ነበሩ። ድምፃቸው ከግምጃ ቤት እስከ ወጥ ቤት ይሰማል፤ ሳቃቸውም እንዲሁ። ሥራቸውንም ያውቃሉ። አንድ ዓመት ለሻለቃው ጦር ሦስት ዓይነት ከስክስ ጫማ ለናሙና መጣና አዛዡ፣ «የሚበጀውን አንተ ምረጥ» አሏቸው። ባሻ ሦስቱንም በርሜል ውስጥ አንድ ሳምንት ዘፈዘፏቸው። አውጥተው ፀሐይ ላይ አደረቋቸው፤ እንደ ቂጣ አጠፏቸው፤ ሶላቸውን በጉጠት ይዘው ጎተቱ። የመጀመሪያው አፉን ከፈተ። ሁለተኛው ለስላሳ ነበር፣ እግር ውስጥ ሲገባ እንደ ካልሲ ይመቻል፤ ግን ስፌቱ ውኃ ጠጣ። ሦስተኛው ቆዳው ወፍራም፣ ሶሉ ሚስማር የተደረደረበት ነበር፤ ከበርሜሉ ሲወጣ እንደገባው ነው። ባሻ ሦስተኛውን መረጡ።

ምርጫው ሞኝነት አልነበረም። የውርጭ አምባን ክረምት ያየ ይፈርድላቸዋል። ያ ጥቁር ጭቃ ላላ ያለ ጫማ ካገኘ ጫማውን ያስቀርና እግርህን ብቻ ይመልስልሃል። ባሻ በሰፊ ጫማ ምክንያት ቁርጭምጭሚታቸው የተሰበረ ሦስት ወታደሮች በቃሬዛ ሲመጡ አይተዋል። ስለዚህ አንድ ደንብ ነበራቸው። ወታደሩ ጫማውን ካደረገ በኋላ ሌባ ጣታቸውን በተረከዙ በኩል ይሰዳሉ። «ጣት ከገባ ጫማው ያንተ አይደለም» ይላሉ። ጣት ካልገባ ያስፈርሙታል።

አዲሶቹ ጫማዎች በደረሱ በሳምንቱ ሻለቃው ጦር ለጠረፍ ጥበቃ ወደ ቆላ እንዲወርድ ትእዛዝ መጣ።

በሰፈሩ በር ላይ ጫማ የሚሰፉ ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ አሮጌ ወታደር ነበሩ። ከግራ እግራቸው ሁለት ጣት የለም፤ ቆላ ነው የቀረው። ትእዛዙን እንደሰሙ ወስፌያቸውን አስቀምጠው እያነከሱ ወደ ግምጃ ቤት መጡ።

«ላቀው፣ ጫማውን መቼ ነው የምታድለው?»

«ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሰልፍ በኋላ።»

«በዚህ ውርጭ? በጠዋት እግር እንደ ዘቢብ ኩምትር ብሎ ነው የሚያድረው። ከሰዓት በኋላ አድርገው። ሁለት ካልሲ ደርበው ይለኩ፤ ለሁሉም አንድ ቁጥር ጨምርላቸው።»

«ጋሽ ዘርጋው፣ ጫማ ነው የማድለው ወይስ ጀልባ?»

«ቆላ እግር ያብጣል፣ ልጄ።»

«ይህ ቆዳ ይለመዳል። እርስዎ አይሥጉ፤ በርሜል ውስጥ ሳምንት ከርሞ ምንም ያልሆነ ጫማ ነው።»

«ለጫማው መች ሠጋሁ» አሉ ጋሽ ዘርጋው፤ ወጡ። ሲወጡ ያገኙትን ወታደር ሁሉ ሰፊ እንዲወስድ መከሩት። የሰማቸው ግን ጥቂት ነበር። በእኛ አገር ሰፊ ጫማ ያደረገ ሰው «ውርስ ነው እንዴ?» ይባላል፤ ለዘመቻ የሚሄድ ጎበዝ ደግሞ ይህን መስማት አይፈልግም።

ከሰሟቸው አንዱ ይርዳው ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ የባሻ ላቀው ባለቤት የእትዬ ትርንጎ አንድ ወንድም። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች እህቱ ናቸው በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት።

በማግስቱ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሳለ ሰልፉ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ባሻ እየጮኹ፣ እየቀለዱ ያድላሉ። «ይህን ቆዳ በስለት የነካ ጉዳዩ ከእኔ ጋር ነው! የመንግሥት ንብረት ነው፤ እንደ ወሰዳችሁት ትመልሱልኛላችሁ!» የይርዳው ተራ ደረሰ።

«ስንት ነህ?»

«አርባ ሁለት ነኝ ባሻ። ግን አርባ ሦስት ይስጡኝ።»

«ትርፏን ለማን ልትልክ?»

ሰልፉ ሳቀ። ይርዳው ቀላ።

«ጋሽ ዘርጋው ቆላ እግር ያብጣል ብለውኝ ነው።»

ከኋላው የቆመው አሥር አለቃ ቦጋለ፣ ከሻለቃው ሁሉ ምላሱ የማያርፈው ሰው፣ «ባሻ፣ አይስሙት! በሶውን እዚያ ቋጥሮ ሊበላ ነው!» አለ። ሳቁ በረታ። ባሻም ሳቁ።

አባቴ አርባ ሦስቱን ከመደርደሪያ አውርዶ በእጁ ይዞ ነበር። ባሻ ተቀበሉት፤ ይርዳው አደረገው። ጣታቸውን በተረከዙ ሰደዱ። ጣቱ ገባ።

«አውልቅ» አሉ። አርባ ሁለቱን ሰጡት። አደረገው። ጣት አልገባም። «ይኸው! እንደ ሙሽራ ጫማ! ፈርም።»

ይርዳው ፈረመ።

ለምሳ ባሻ ቤታቸው ሲገቡ ወሬው ቀድሟቸው ገብቶ ነበር። እትዬ ትርንጎ እንጀራውን አቀረቡና ቆመው ቀሩ።

«ሰፊውን ለምኖህ ከለከልከው አሉ።»

«ልኩን ነው የሰጠሁት።»

«ምናለበት ብትቀይርለት? ከእኔ በቀር ማን አለው?»

«ትርንጎ፣ እዚያ የተሰለፈው ሁሉ የሰው ልጅ ነው። ደንቡን ለሚስቱ ወንድም ጣሰ ቢሉኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

«ለሁሉም ቀይርላቸዋ!»

ባሻ እንጀራውን ቆረሱ። «ልክ ነው አልኩሽ። በጣቴ ለክቼዋለሁ» አሉና በሉ።

ከሰዓት በኋላ ይርዳው ጫማውን ይዞ ጋሽ ዘርጋው ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው በእጃቸው አገላበጡት። «ጥሩ ጫማ ነው። አንተን ይቀብራል እንጂ አይቀደድም» አሉ ለቀልድ፤ ይህን ቃል በኋላ ዕድሜ ልካቸውን ተጸጽተውበታል። «ሦስት ቀን ብትሰጠኝ አርጥቤ ቅርጽ አስገብቼ አሰፋልህ ነበር።»

«ነገ በጠዋት ነው የምንነሣው፣ አባባ።»

ሞራ አቅልጠው ቆዳውን እስኪጠግብ ቀቡለት። ሲሰጡትም፣ «አንድ ነገር ስማኝ። መንገድ ላይ ምንም ቢያቃጥልህ አታውልቀው። ያበጠ እግር ከጫማ ይወጣል እንጂ አይገባም» አሉት።

የቀረውን የተናገረው አሥር አለቃ ቦጋለ ነው።

ካሚዮኖቹ ቆላ ከገቡ በኋላ ደራሽ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ስላገኙ ጦሩ የቀረውን በእግሩ እንዲሄድ ታዘዘ። ሁለት ቀን ተኩል ነው። መሬቱ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ እጅ አያስነካም። በመጀመሪያው ቀን ማታ የማያነክስ ሰው አልነበረም። ሌሎቹ ግን እየተሸሸጉ አንድ በአንድ የጫማቸውን ጫፍ በካራ ቀደዱ፤ ጣታቸው ወጣ፤ ተነፈሱ። ቦጋለም ቀደደ።

«አምጣ ልቅደድልህ» አለው ይርዳውን።

«አይሆንም።»

«እግርህ ሊፈነዳ ነው እኮ!»

«አንተ ባሻን በሰልፍ ነው የምታውቃቸው። እኔ ቤታቸው ነው የምገባው። ሌላው ቢቀድ ወታደር ነው ይባላል፤ እኔ ብቀድ ቂም ይዞ ነው ይሉኛል። እህቴስ በምን ዓይኗ ታያቸዋለች?»

በሁለተኛው ቀን ለዕረፍት ሲቀመጡ ይርዳው ሕመሙ የማይቻል ሆነበትና አወለቀ። ውኃ የቋጠረው ሁሉ ፈርጦ ካልሲው ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ወጣ። ተነሡ ሲባል እግሩ አልገባም አለ። ቦጋለ ነጠላ ጫማ የያዘ ሰው ቢፈልግ አላገኘም፤ ሸሚዙን ቀደደና ጠቀለለለት። ይርዳው ከስክሱን በክሩ አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በዚያ ድንጋይ ላይ መራመድ ጀመረ።

«ጣለው ያንን!» አለው ቦጋለ። «ድንጋይ ተሸክመህ ልትሄድ ነው?»

«ፈርሜበታለሁ» አለ ይርዳው።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደቀ። ውኃ ከሁሉም ኮዳ ሊያልቅ ነው፤ የሚያርፉበት የውኃ ጉድጓድ የአምስት ሰዓት መንገድ ይቀረዋል። የሻምበላቸው አዛዥ ቆሞ አሰበ። መቶ ሃያ ሰው አለው፤ ሰው ተሸክሞ አምስት ሰዓት የሚሄድ እግር ያለው ግን አንድም የለም። ይርዳውን ከአንዲት ግራር ሥር አስጠለሉት፤ የቀረውን ውኃ ከየኮዳው አጠራቅመው አጠገቡ አኖሩለት፤ ቦጋለ ከጉድጓዱ ግመል ይዞ ሊመለስ ማለለት። ይርዳው ሊያሳስቀው ሞከረ። «ስትመጣ በሶ አትርሳ፤ የምቋጥርበት እንኳ አላጣም» አለው።

ቦጋለ በማግስቱ ረፋድ ላይ ግመሉን እየጎተተ ደረሰ። ግራሯ ጥላዋን ከማታው ፀሐይ ጋር ስላዞረች ይርዳው ጥላውን ተከትሎ ትንሽ ድኾ ነበር። ውኃው አልቋል። ጫማዎቹ ከራስጌው ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አቧራቸው ተጠርጓል፤ ክራቸው እርስ በርስ ታስሯል። እዚያው ቀበረው።

ቦጋለ ጫማዎቹን ይዞ ውርጭ አምባ ሲገባ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ግምጃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኖራቸው። አባቴ እዚያ ነበር፤ ባሻ ላቀው እንደ ልማዳቸው ጫማውን አንሥተው መጀመሪያ ቁጥሩን አዩ፤ ከዚያ ሶሉን አዩ። አንድ ሚስማር አልጎደለም። ስፌቱ አልተነካም። ከዚያ የቦጋለን ፊት አዩ።

አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሟች ልብስና ዕቃ ይወጣል። እትዬ ትርንጎ ግን ከይርዳው ዕቃ ከጫማው በቀር ሌላ እንዳይወጣ ከለከሉ። ከስክሱን ድንኳኑ መሀል በነጭ ነጠላ ላይ አስቀምጠው ከፊቱ ተቀመጡ። ለቅሶ ደራሹ በገባ ቁጥር ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፋል። ሙሾ አላወረዱም። በሦስተኛው ቀን ብቻ፣ ባሻ ላቀው ከሽማግሌዎቹ ተርታ አቀርቅረው ሳሉ፣ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦

«እዩት እስቲ። ጠንካራ ነው። ምንም አልሆነም።»

ቦጋለ ተነሥቶ ወጣ። ያ ምላሱ የማያርፍ ሰው ከዚያ በኋላ በሰልፍ ላይ ሲቀልድ የሰማው የለም።

ባሻ ላቀው አጠገባቸው ወደ ተቀመጡት ወደ ጋሽ ዘርጋው ዞሩ። ሌባ ጣታቸውን ዘርግተው እንደማያውቁት ነገር ያዩት ነበር።

«ጋሽ ዘርጋው» አሉ፣ ድምፃቸው ከአጠገባቸው ሰው አላልፍ ብሎ፤ «በዚህ ጣቴ ነው የለካሁት። ልኩ ነበር። እግዜር ያሳይዎ፣ ልኩ ነበር እኮ።»

ጋሽ ዘርጋው ሊቆጡ ይችሉ ነበር፤ ነግሬህ ነበር ሊሉም ይችሉ ነበር። አባቴ የጠበቀው ይህንን ነው። ሽማግሌው ግን የባሻን ጣት በመዳፋቸው አጥፈው ያዙት፤ ሁለት ጣት የጎደለውን እግራቸውን ወደ ጋቢያቸው ሰበሰቡና፣ «ልኩ ነበር፣ ልጄ። እዚህ ልኩ ነበር» አሉ፤ ቀጥለውም፦ «በደጋ የለኩት ጫማ በቆላ ይጠባል።»