ሐጂ ቡሽራና የተሰነጠቀው ሞተር

በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ከትልቁ መስጂድ ጀርባ፣ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ የመኪና ጠጋኝ ነበሩ። ሰው መኪናውን ብቻ ሳይሆን ጠቡንም ይዞላቸው ይመጣ ነበር፤ የሐጂ ቃል አማና ነው ተብሎ ይታመናልና።

አንድ ቀን ሙዘሚል ዘይት የምታንጠባጥብ ሚኒባሱን ይዞ መጣ። ሞተሯን ያደሱለት እሳቸው ናቸው። ጥሪቱን ሁሉ ያፈሰሰባት፣ ቤተሰቡን የሚያበላባት እሷው ብቻ ነበረች። ዘይቱ ከሞተሩ ኋላ ስለሚንጠባጠብ ሙዘሚል ጥፋተኛውን አስቀድሞ አግኝቷል፤ ከኋላ በኩል ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት የሸጠለት የመለዋወጫ ነጋዴው ጁሃር ነው። አሮጌ ዕቃ አጥቦ ሸጠልኝ፣ ዛሬውኑ ሽማግሌ ፊት አቆመዋለሁ፣ እርስዎም ይመሰክሩልኛል እያለ ይዝታል።

ሐጂ ግን ዘይት የሚንጠባጠብበትና የሚወጣበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ሞተሩን በናፍጣ አጥበው አደረቁት፤ የሕፃን ፓውደር ነሰነሱበትና አስነሱት። የኋላው የጎማ ቀለበት ዙሪያ እንደነጣ ቀረ። ከጎን፣ የሞተሩ ብረት ላይ ግን ፓውደሩ መርጠብ ጀመረ። በጣታቸው ጠረጉት፤ መልሶ ረጠበ። ብረቱ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁም የሚበየድ አልነበረም።

ሞተር ከመገጠሙ በፊት ብረቱን ነጭ ጋዝ ቀብቶ፣ ወልውሎ፣ ጠመኔ መቀባት የሙያው ደንብ ነው፤ ስንጥቅ ካለ ጋዙ ጠመኔው ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ሐጂ ይህን አድርገው ነበር። ዓይናቸው ግን ከደከመ ቆይቷል። ጎረቤታቸውን ጠርተው እስቲ እይልኝ ማለት አፍረው፣ ንጹሕ ነው ብለው ገጠሙት። ያኔ ታይቶ ቢሆን ሙዘሚል በገንዘቡ ሌላ ሞተር ይገዛ ነበር። አሁን ገንዘቡም የለ፣ ሞተሩም የለ።

ዝም ቢሉ ጁሃር ይከሰሳል፣ የእሳቸው ስም ይተርፋል። ሐጂ አስተግፊሩላህ አሉና ሁሉንም ለሙዘሚል ነገሩት። የሚተኩለት ነገር እንደሌላቸውም አልደበቁም። ዐውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ብለው ለመኑት።

ሙዘሚል እዚያው ዘይቱ ላይ ቁጭ አለ።

«ምነው ሐጂ፣ ዝም ቢሉኝ» አለ። «ቢያንስ የምጣላው ሰው ነበረኝ።»

«ከእኔ ተጣላ፣ ልጄ» አሉት። «ጁሃር ያላጠፋውን ተሸክሞ ከሚያድር፣ እኔ ያጠፋሁትን ተሸክሜ ልደር።»

ሙዘሚል ዐውፍ አላላቸውም። ሚኒባሷን በገመድ አስጎትቶ ሄደ። ሐጂም ጋራዡን ዘጉ፤ ዳግመኛም አልከፈቱት።

ይህን የሰማ ሁሉ ሙዘሚል ተመልሶ ይቅር ያላቸው እንደሆነ ይጠይቃል። አልተመለሰም። እኛ እውነት ስንናገር ብዙ ጊዜ ልባችን እንዲያርፍ፣ ሰውም እንዲያመሰግነን እንፈልጋለን። ሐጂ ይህ ሁሉ እንደማይመጣ እያወቁ ተናገሩ። ጁሃር ያን ዕለት እንደወትሮው ሱቁን ዘግቶ፣ መግሪብ ሰግዶ ወደ ልጆቹ ገባ፤ ከምን እንደዳነ እንኳ አላወቀም። አላህ ያውቃል። ሐጂ ከእሱ ሌላ ምስክር አልነበራቸውም።