የእባቡ ውለታ

እኔ ተረት ተረት ልበል፣ እናንተ የላም በረት በሉኝ፤ ነገሩም የሆነው እዚያው በረቱ ደጃፍ ነው።

አንድ ቂመኛ እባብ ነበር። አንዲት ጥጃ ሳታየው ጅራቱን ረግጣው አለፈች፤ እሱ ግን አልረሳላትም። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሣር ውስጥ ተሸሽጎ ጠበቃትና አንገቷ ሥር አነጣጥሮ ተወረወረ። በዚያው ቅጽበት፣ ከዓይኑ ምንም የማያመልጠው ነብር ጥጃዋን ሊይዝ ሲዘል መሀል ገባና መርዙ እሱን አገኘው።

ነብሩ አረፋ እየደፈቀ፣ «ዓይንህ እኮ እኔ ላይ አልነበረም» አለውና ሞተ።

የዋሂቱ ጥጃ ይህን አልሰማችም። ቀረበችና፣ «አያ እባብ፣ ነፍሴን አተረፍክልኝ። ከእንግዲህ ካንተ ሌላ ጠባቂ አልፈልግም» አለችው።

እባቡ፣ «እኔ እኮ...» ብሎ ጀመረ። ግን እናቷ ላም ጎድጓዳ ድንጋይ ላይ ወተቷን ስታፈስለት አየና ቃሉን ትቶ ጠጣ።

ከዚያ ወዲህ ጥጃዋ በየቀትሩ በእባቡ ጉድጓድ አፍ ላይ አንገቷን ዘርግታ ትተኛለች። እባቡም ወተቱን ጠጥቶ አጠገቧ ይጠቀለላል፤ ዓይኑን ግን ከዚያችው ቦታ፣ ከአንገቷ ሥር አይነቅልም።

ተረቴን መልሱ፤ ስትሄዱ ግን ጥጃዋን ቀስ ብላችሁ ቀስቅሷት።