ዝንጀሮዎቹ የመሰከሩለት ሸለቆ

አንድ ጊዜ ዝናብ ጠፍቶ ሣሩ ሁሉ አመድ በመሰለበት በጋ፣ የተራራው አራዊት ከሥር ወዳለው ለምለም ሸለቆ እንውረድ ወይስ እንቅር እያሉ ይጨነቁ ነበር። አንድ ቦታ አርፎ የሚቀመጥ ጠፋ። አህያም የከሳ ውርንጭላዋን እየላሰች ወዲያ ወዲህ ትንቆራጠጥ ነበር።

ንጉሡ አንበሳ ቀበሮን ጠርቶ፣ «ሂድና ሸለቆውን የሚያውቁትን ጠይቅ። ደኅና ነው ካሉህ ዛሬውኑ እንነሣለን» አለው።

ቀበሮ ግን ሸለቆው መሐል እግር የሚውጥ ማጥ እንዳለ ያውቃል። ወደ ጅብ ጠጋ ብሎ፣ «አያ ጅቦ፣ ደካሞቹ እዚያ ተይዘው ይቀሩልናል» ሲለው የጅብ ለሃጭ ተዝረበረበ።

ቀበሮ የሄደው አንድ ቋጥኝ ላይ ተኮልኩለው ወደሚውሉት ዝንጀሮዎች ነበር። አንዳቸውም ሸለቆው ወርደው አያውቁም። መጀመሪያ አለቃቸውን ጠየቀ።

«ደኅና ነው!» አለ አለቃው ደረቱን ነፍቶ።

የቀሩትም እሱን እያዩ «ደኅና ነው! ደኅና ነው!» ተባባሉ።

ቀበሮ ተመልሶ፣ «ጌታዬ፣ መንጋው በሙሉ መስክሯል!» ሲል አራዊቱ ሊወርዱ ተንጋጉ። አህያ መንገዱ ላይ ተገትራ፣

«ቆዩ እስቲ! የጠየቅሃቸው አንድ ላይ ነው ወይስ ለየብቻ?» አለች።

«ምን ለውጥ አለው? ዝንጀሮዎቹ ቋጥኛቸው ላይ እንዳሉ አለቃቸውን ተከትለው ሁሉም መሰከሩ፤ ብዙ ናቸው!» አለ ቀበሮ።

«አፉ ብዙ ነው እንጂ ምስክሩ አንድ ነው። አለቃቸው ያለውን ነው የደገሙት። ያዩትም ከአንድ ቋጥኝ ላይ ሆነው ነው። ጌታዬ፣ እኔም ጠይቄ ልምጣ፣ ይፍቀዱልኝ።»

«ልጅሽ ሊሞት ነው እኮ!» አላት አንበሳ።

«ስለ እሱ ብዬ ነው» አለች አህያ።

አንበሳ ፈቀደላት። አህያ ወደ ሸለቆው ጥግ ሁሉ እየሮጠች፣ ከነዋሪዎቹ ያጋጠማትን ሳትመርጥ፣ ሁሉንም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። አንዱ የሌላውን መልስ አልሰማም። ጃርቱም፣ ድኩላዋም፣ ኤሊውም የነገሯት ግን አንድ ነበር፤ መሐሉ ይውጣል፣ የምሥራቁ ዳር ግን ጠንካራ ነው።

ተመልሳ ይህን ለአንበሳ ስትናገር ከሸለቆው ጩኸት ተሰማ። ጅብ መጠበቅ አቅቶት ቀድሞ ወርዶ ኖሯል፤ እስከ ደረቱ ሰጥሟል።

«ቀበሮ፣ ድረስልኝ! ማጡ የሚይዘው ደካሞቹን ነው አላልከኝም?»

አንበሳ ዞር ሲል ቀበሮ የለም፤ እግሬ አውጪኝ ብሏል።

አራዊቱ በምሥራቁ ዳር ወረዱ። ውርንጭላው አፉን ሣር ውስጥ ቀበረ። እናቱ ግን ከጎኑ ሆና በኮቴዋ መሬቱን መታ መታ ታደርግ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ አንዱን ሰምተው ያንኑ የሚደግሙ ብዙዎች ከአንድ ምስክር እንደማይበልጡ፣ እውነቱን የሚሻም ሳይመርጥ ከየቦታው፣ እያንዳንዱን ለብቻው መጠየቅ እንዳለበት ነው።