ቀን ያልነጋለት ቅጠል

አንዲት አስተማሪ ነበረች። ደክሟት ነበር። መድከሟን ካወቃችሁ ግማሹን አውቃችኋል፤ ከእናንተም መካከል ሳይደክም የመጣ ያለ አይመስለኝም።

ስሟ ይመናሹ ነው፤ ደጀን ከተማ ሳይንስ ታስተምራለች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤቱ የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። የባሏ እናት፣ እማማ ደብሪቱ፣ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። ማን ያገላብጣቸው? ይመናሹ። ማን ያጉርሳቸው? ይመናሹ። ሌሊት ሲያቃስቱ ማን ይነሳ? እናንተው መልሱት።

የእማማ ሴቶች ልጆች ሩቅ አይደሉም። ብቅ እያሉ «እንዴት ነሽ?» ይሏታል። እሷም «ምንም አልል፣ ተመስገን» ትላለች። ምን ታድርግ? ያገራችንን ነገር ታውቁታላችሁ። አስታማሚ «ደከመኝ» ካለች የታማሚው ምርቃት ያመልጣታል ይባላል። ያ ሁሉ ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ ጥርሷን ነክሳ ዋጠችው።

እየቆየ ግን ሆዷ ሻከረ። ትራሱን ስታስተካክል ትገፈትረዋለች። ሾርባውን ስታጎርስ የእማማን ዓይን አታይም። አንድ ማለዳ አንሶላ እያጠበች «ምነው ጌታ በወሰዳቸው» የሚል ሐሳብ መጣባት። ደነገጠች። ከዚያ ወዲያ ራሷንም ጠላች።

በዚያው ሰሞን የክፍሏ ትምህርት ስለ ቅጠል ነበር። እንዳሁላን ታውቁታላችሁ፤ ያ ቅጠሉ ወፍራም የሆነው፣ በእሳት አሙቀን እብጠት ላይ የምናደርገው። እንዳሁላ ብልህ ነው። በቀን አፉን፣ የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ከከፈተ ፀሐይ ውሃውን ትጨርስበታለች፤ ስለዚህ የሚያስፈልገውን አየር በሌሊት ያስገባና አሲድ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ጠዋት ላይ ቅጠሉ ኮምጣጣ ነው። ሲነጋ አፉን ይዘጋል፤ በብርሃኑ ጉልበት ያን ኮምጣጣ ነገር እየፈታ ስኳር፣ ምግቡን ይሠራበታል። ከሰዓት በኋላ ኮምጣጣነቱ የለም።

ጠዋት ከግቢዋ ቅጠል ቀጥፋ ሄደች። ተማሪዎቹ ፊት ጨመቀችና ኮምጣጣ ነገር ሲነካት የምትቀላዋን ሰማያዊ ወረቀት ነከረችበት። ቀላች። «ከምሳ በኋላ ደግሞ አትቀላም፤ ታያላችሁ» አለቻቸው።

ለምሳ ቤቷ ሮጠች። እማማን አጎረሰች፣ ደረቅ ልብስ አለበሰች፣ ሰዓቱ ሄደባት። አልጋው አጠገብ እንዳሁላ ከተተከለበት ቆርቆሮ አንድ ቅጠል ቀጠፈችና ወጣች። ቆርቆሮውን ለእማማ ያበጠ ጉልበት ቅጠሉ እንዲቀርባት ብላ ትናንት ማታ ነበር ከግቢ ያስገባችው። ክፍሉ ደግሞ ጨለማ ነው፤ «ምች ይመታቸዋል» ተብሎ መስኮቱ እንደተዘጋ፣ መጋረጃው እንደተጋረደ ነው።

ወረቀቷ ከሰዓትም ቀላች።

«ቲቸር፣ አትቀላም ብለውን ነበር እኮ!» ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ይመናሹ ወረቀቷን ይዛ ቆመች። ቅጠሉን ከየት እንደቀጠፈችው ትዝ አላት። «ልጆች፣ ይሄኛው የዋለው ጨለማ ቤት ነው» አለች። «የሌሊቱን እንደያዘ ነው። ክፉ ቅጠል ሆኖ አይደለም። ብርሃን ካላገኘ በምን ጉልበቱ ይለውጠው?» ስለ ራሷ እያወራች እንደሆነ የገባት ከተናገረችው በኋላ ነው። ጠመኔ የምትፈልግ መስላ ፊቷን አዞረች።

ቤት ስትገባ የባሏ እህት ወይንሸት ብርቱካን ይዛ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። «እንዴት ነሽ ይመናሹዬ? መቼም ምርቃቱን ጠቅልለሽ ወሰድሽው!»

«ደከመኝ» አለች ይመናሹ።

«ምን አልሽ?»

«ደከመኝ፣ ወይንሸት። ብቻዬን አልቻልኩም። ክፉ እየሆንኩ ነው። ምርቃቱም ይቅርብኝ።»

የመለሱት እማማ ደብሪቱ ነበሩ፣ በተኮላተፈ አንደበታቸው። «እኔስ መች አጣሁት ልጄ? አፍሽ ዝም ሲል እጅሽ ይነግረኛል እኮ። በየጠዋቱ ጌታን ቶሎ ውሰደኝ እለዋለሁ፤ አንቺ እንድታርፊ።»

ሰማችሁ? ሁለት ሴቶች፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዱን ሞት ተመኝተዋል። አንዷ በምሬት፣ አንዷ በፍቅር። አንድም ቀን ግን አልተነጋገሩም!

ይመናሹ እማማ ደረት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ወይንሸት ነጠላዋን አውልቃ ሰቀለች፤ የዚያን ዕለት ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። አሁን የእማማ ሴቶች ልጆች በተራ ያድራሉ። ይመናሹ ዛሬም ትደክማለች፤ አልዋሻችሁም። ትራሱን ግን አትገፈትርም።

እናንተ የደከማችሁ ሆይ፣ ሌሊት የሰበሰባችሁት ምሬት ክፉ ያደረጋችሁ መስሏችኋል። አይደለም። ሌሊት ሆኖባችሁ ነው። ጨለማ ቤት ቆልፋችሁ ካዋላችሁት ግን ማታም ያው ምሬት ነው፤ ነገም ያው ነው። ይህን መቆለፍ ለምን ትዕግሥት ትሉታላችሁ? «ደከመኝ» ያለችውን ሴት ምርቃቷን የሚነጥቅ አምላክ ማን ሰበከላችሁ? እኔ አልሰበክሁላችሁም! አውጡት። ለእግዚአብሔር ንገሩት፤ ለሰውም ንገሩት፤ እግዚአብሔር አንሶላ የሚያጥበው በሰው እጅ ነው።

ብርቱካን አድርሳችሁ የምትመለሱትስ? እናንተንም አልረሳሁም። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደየቤታችሁ አትሂዱ። የምታውቋት አስታማሚ ቤት ሂዱ። «ምንም አልል» ብትላችሁ አትመኗት። «ዛሬ እኔ አድራለሁ፤ አንቺ ተኚ» በሏት።