አልዘጋም ያለው የቀዩ መኪና በር

ተረት ተረት! እህ? «የላም በረት» አትበሉኝ፣ ላም የለኝም። «የመኪና በር» በሉኝ። በሉ እንጂ! ጎሽ፣ አሁን ልቀጥል።

ከለታት አንድ ቀን፣ ባጃጅ ገና ከተማችን ሳይገባ፣ መኩሪያ የሚባል ሰው ነበረ። ሚስቱ ስንዱ መውለጃዋ ደርሷል። ሆስፒታሉ ከዳገቱ ማዶ ነው፤ መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ከታች ገደል። በከተማው ያለው መኪና ሁለት ብቻ፤ አንዱ የውሃ ቦቴ፣ አንዱ የመኩሪያ ቀይ የስፖርት መኪና። ቆንጆ ነው፣ አሮጌ ነው፣ ከሁለት ሰው በላይ አይይዝም። በስንዱ በኩል ያለው በሩ ግን አይዘጋም። መኩሪያ የፈለገው ይህችን ብቻ ነበር፤ በሩ ጠቅ ብሎ እንዲዘጋለት። ስንዱ ከመታጠፊያው ላይ ተንሸራታ ገደል ስትገባ እየታየው እህል አልወርድለት አለ።

«በር ሆይ፣ ተዘጋ!» አለው። በሩም፣ «ማጠፊያዬ ተበልቷል፣ ወገቤ ወልቋል፤ በምኔ ልዘጋ?» አለው። በገመድ አሰረው። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ገመዱ ተበጠሰ።

ሰይፉ ባትላሜራ ዘንድ ሮጠ፤ የመኪና ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ሰይፉ ዘንድ። «ሰይፉ፣ ወንድሜ፣ በሩን ግጠምልኝ! በሩ አልዘጋም አለ፣ ስንዱም መውለጃዋ ደርሷል!» ሰይፉ በሩን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረገው። ቋ ቋ አለ። «ሰማህ? የማጠፊያው ፒን ቀጥኗል፣ ቀዳዳው ሰፍቷል። አዲስ ፒንና ቀዳዳውን የሚሞላ የነሐስ ቦኮላ ካላመጣህ አልገጥምም። የሰው ነፍስ በእጄ አላደርግም» አለ።

ብረት መቅረጫውን ቶርኖ የሚያዞሩት ጋሽ ኡስማን ዘንድ፣ ባቡር ጣቢያ ሮጠ። «ጋሽ ኡስማን፣ ኧረ ቦኮላ ይሥሩልኝ! ሰይፉ በሩን አልገጥምም አለ፣ በሩ አልዘጋም አለ፣ ስንዱም መውለጃዋ ደርሷል!» ጋሽ ኡስማን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ለፒኑ ብረት አለኝ። ነሐሱን ከየት ላምጣ? ከጭቃ ላዙርልህ እንዴ? ያለ ነሐስ ቦኮላ አልሠራም» አሉት። «ነሐስስ የት ይገኛል?» አለ መኩሪያ። «የጎረቤትህ የእትዬ ፋንታዬ አልጋ ላይ ነዋ! በየማዕዘኑ ሎሚ የሚያህል ድፍን ነሐስ አለው።»

እትዬ ፋንታዬ ዘንድ ሮጠ። «እትዬ፣ በሞቴ፣ ከአልጋዎ ላይ አንድ ነሐስ ይስጡኝ! ጋሽ ኡስማን ቦኮላ አልሠራም አሉ፣ ሰይፉ በሩን አልገጥምም አለ፣ በሩ አልዘጋም አለ፣ ስንዱም መውለጃዋ ደርሷል!» እትዬ ፋንታዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አይ ኩርፊያ! «የቷ ስንዱ? ጨው ከእኔ ትበደራለች፣ ሆዷን ግን ከእኔ ትደብቃለች። ማርገዟን እኮ ከውሃ ሻጭ ነው የሰማሁት! ራሷ መጥታ ይቅርታ ካላለችኝ ነሐሱን አልሰጥም» አሉ።

ወይ ጣጣ! ወደ ቤቱ ሮጠ። «ስንድዬ፣ ተነሺና ይቅርታ በያቸው! እትዬ ፋንታዬ ነሐሱን አልሰጥም አሉ፣ ጋሽ ኡስማን ቦኮላ አልሠራም አሉ፣ ሰይፉ በሩን አልገጥምም አለ፣ በሩ አልዘጋም አለ፣ አንቺም መውለጃሽ ደርሷል!» የስንዱ ዓይን እንባ ሞላ። «ባለፈው ሳረግዝ ለመንደሩ ሁሉ አወራሁ። ልጁ ሳይወለድ ቀረብኝ። አሁን ሳልገላገል በአፌ አላወራም። ፈራሁ መኩሪያ፣ በጣም ፈራሁ። በሩ ተዘግቶ ካላየሁ ከዚህ አልነሳም!»

አቤት! እስቲ እናንተ ፍቱት። ስንዱ ካልተነሳች እትዬ ፋንታዬ ነሐሱን አይሰጡም፣ ነሐሱ ከሌለ ጋሽ ኡስማን ቦኮላ አይሠሩም፣ ቦኮላው ከሌለ ሰይፉ በሩን አይገጥምም፣ ካልገጠመው በሩ አይዘጋም፣ በሩ ካልተዘጋ ስንዱ አትነሳም! መኩሪያ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ውሃ ውስጥ የገባች አይጥ መስሎ ግቢው መሃል ቆመ።

ያን ጊዜ ምጡ መጣ። «ወይኔ እናቴ!» ብላ ጮኸች ስንዱ። እናቷ ግን ከሞተች ቆይታለች። ጩኸቱን የሰሙት ከአጥሩ ማዶ ያሉት እትዬ ፋንታዬ ናቸው። ብድግ! ኩርፊያቸውን እዚያው ግድግዳው ላይ ትተው፣ ነሐሱን ጠምዝዘው ነቅለው፣ «ማርያም ማርያም!» እያሉ ከተፍ አሉ። የስንዱን እጅ ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ንቄዎት አይደለም፤ ይህኛውም እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ነው» አለች ስንዱ።

እትዬ ፋንታዬ በነጠላቸው ግንባሯን ጠረጉላት። «አዬ ልጄ! ይህን ብትነግሪኝ እኮ እኔም አብሬሽ ዝም እል ነበር።» ከዚያ ወደ መኩሪያ ዞረው፣ «አንተ ደግሞ ምን ይገትርሃል? ሩጥ!» አሉት።

ሮጠ! እትዬ ፋንታዬ ነሐሱን ሰጡ፣ ጋሽ ኡስማን ቦኮላውን ሠሩ፣ ሰይፉ በሩን ገጠመ፣ በሩ ተዘጋ፣ ስንዱም ተነሳች። እትዬ ፋንታዬ ደግፈው አስገቧትና እሳቸውም ሊገቡ ቢሉ ቦታ የለም። «ሦስተኛ ወንበር እንኳ የለው፣ ይህም መኪና ተብሎ!» ብለው ተራገሙና በሩን በገዛ እጃቸው ገፉት። ጠቅ!

ዳገቱን ወጡ። በየመታጠፊያው ስንዱ በሩ ላይ ትወድቃለች፣ መኩሪያም ትንፋሹን ይውጣል። በሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

በማግስቱ ጠዋት ቀዩ መኪና ተመለሰ። የስንዱ ወንበር ባዶ ነው። አጥር ሥር የቆሙት እትዬ ፋንታዬ አጥሩን ጨብጠው ያዙ። መኩሪያ ወደ ዘመዶቹ ቤት አልዞረም፣ ሰላም ላለውም አልቆመም፣ በቀጥታ እሳቸው ዘንድ መጣ።

«እትዬ፣ ስንዱ ‹ከሰው ሁሉ በፊት ለእትዬ ንገር› ብላኛለች። ሴት ልጅ ተገላገለች። ሁለቱም ደህና ናቸው። ከእርስዎ በፊት ማንም አልሰማም።»

እትዬ ፋንታዬ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ልቅሶው ቀደማቸው።

በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌንም እትዬ ፋንታዬ ባገነፉት የአራስ ገንፎ አብሱ።